በአመድ የተፈተገ ኩባያ

ሐጃ በቱል ሰው አያምኑም። ይህን የሚለው ሐሜተኛ አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው፣ ያውም በኩራት። ሥጋ ሻጩ ሲመዝን ሚዛኑን ትተው አውራ ጣቱን ያያሉ። ጎረቤት በጠዋት መጥቶ እንዴት አደሩ ካላቸው አጸፋውን ይመልሱና ምን ፈልጎ እንደመጣ ሲያብሰለስሉ ይውላሉ። የመንደራቸው የወድ ጂብሪን ሰው ለምዷቸዋል፣ አይቀየማቸውም። ሐጃ ካልጠረጠሩህ ሞተሃል ማለት ነው እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ቀልዱ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ሞቶም በእሳቸው የሚጠረጠር ሰው አለ።

ሲፈጠሩ እንዲህ አልነበሩም። ባላቸው በጊዜ ሞቶባቸው፣ ከዘንባባ ቅጠል ዘንቢል እየሠሩ ያሳደጉት አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሙዘሚል የሚባል። እሱ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜኑ በረሃ በጭነት መኪና ሲሄድ ደላላው መንገዱን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ ብሎ ነበር። አላወቀውም። መኪናው አሸዋ ውስጥ ቀረ፤ ልጆቹ የተገኙትም ጀሪካኖቻቸው ባዶ ሆነው፣ እነሱም እዚያው ደርቀው ነው። የቀበሩት ሰዎች የሙዘሚል ከንፈር እንዴት ተሰነጣጥቆ እንደነበር ለእናቱ መናገር አልነበረባቸውም፤ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ሐጃ ሰው አውቃለሁ ሲላቸው ፊታቸው ቅጭም ይላል።

ለልጃቸውም ሰቢል፣ በሟች ስም ለመንገደኛ የሚቆም ውኃ፣ አቆሙለት። ከደጃቸው ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ ትልልቅ የሸክላ ጋኖች በብረት ማቆሚያ ላይ ተደርድረው ውኃ ተሞሉ፤ የቆርቆሮ ኩባያ በሰንሰለት ታሰረላቸው። መንገደኛ ሁሉ በሙዘሚል ስም ይጠጣል። ጋኑ ውጭ ውጭውን እያላበ ውኃውን ስለሚያቀዘቅዘው አስፋልቱ በሚቀልጥበት ወር እንኳ ጥርስ ያማል። ሰው በጠጣ ቁጥር ለሙዘሚል በመቃብሩ አንድ ጉንጭ እንደሚደርሰው ሐጃ አይጠራጠሩም። በዕድሜያቸው ያልጠረጠሩት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

ስለዚህ ጋኖቹን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ። የወደዱት ሰው ጠጥቶ ሲሄድ ይመርቁታል። ያልወደዱትንም አይከለክሉም፣ ሰቢል አይከለከልም፤ ብቻ ፊቱን ሲያዞር ኩባያውን በአመድ ይፈትጉታል።

ውኃውንም እንዲሁ ከተገኘበት አይቀዱትም። መንደሩ ቧንቧ አለው፣ ታንከሩ ውስጥ ግን ክሎሪን ይጨመራል። ሐጃ ይህን ክሎሪን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥረውታል። መንግሥት ሳይጠየቅ የሚያጠጣው መድኃኒት ለማን ነው ይላሉ። ደግሞስ በጥም ለሞተ ልጅ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ውኃ ይሰጠዋል? ስለዚህ ባለጋሪው ኻሊፋ በየማለዳው ከዓባይ በበርሜል ይቀዳላቸዋል። ክረምት ሲሆን ወንዙ ከደጋ ጠርጎ ባመጣው አፈር ይደፈርሳል። ያኔ ሐጃ ራዋቅ የሚሉትን ነጣ ያለ ሸክላ አፈር በጥብጠው ጋኑ ውስጥ ይጨምሩና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው ያማስሉታል። ጭቃው ቀስ እያለ ይዘቅጣል፤ ረፋዱ ላይ ክዳኑ ሲነሣ ከላይ የቀረው ውኃ ፊት ያሳያል። እናታቸውም የእናታቸው እናትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የጠራ ውኃ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ይህን ለመጠርጠር ማን ይደክማል።

በዚያ ክረምት ዓባይ ከልክ በላይ ሞላ። ከመንደሩ በላይ፣ በወንዙ ዳር የተደረደሩትን የጡብ ማቃጠያዎች እስከ ወገባቸው ዋጣቸው፤ የሠራተኞቹን ጎጆና መጸዳጃ ጉድጓድ አጥቦ ይዞ ወረደ። ሰው ስለ ጡቡ አዘነ፣ ስለ ጉድጓዱ ማንም አላነሣም። ጥቂት ሳምንታት አለፉና የመስጊዱ ሙአዚን ዓይን ቢጫ ሆነ። ከዚያ የኻሊፋ ሚስት ተኛች፣ ከዚያ ሁለት አስተማሪዎች። የአናጢው ሚስት ከነጽንሷ ስትሞት የወፍ በሽታ መንደሩ መግባቱን ሁሉም ሰው አወቀ።

እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ወደ ሰማይም ያያል፣ ወደ ጎረቤቱም ያያል፤ ወደ ጎረቤት ማየቱ አንገት አያደክምም። ሐጃ በቱል ያዩት ወደ መንገዱ ማዶ ነበር። እዚያ፣ ከጋኖቹ ትይዩ፣ ሐዋ ቲያ ሻይ ትሸጣለች። ከኑባ ተራሮች ጦርነት ያፈናቀላት ሴት ናት። ከሰል ምድጃ፣ የሚያብረቀርቅ ማንቆርቆሪያ፣ ጥቂት በርጩማና አንዲት የማታለቅስ ትንሽ ልጅ አላት። የጡብ ሠራተኞቹ ቅርንፉድ የበዛበት ሻይዋን ካልጠጡ ቀኑ አይነጋላቸውም። ሐጃ ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ ሲከታተሏት ከርመዋል፤ አሁን ነገሩ ሁሉ መልክ ያዘላቸው። ሴትዮዋ መጤ ናት። ሙአዚኑም አስተማሪዎቹም ሻይዋን ጠጥተዋል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ ሐሩር ከጋኖቹ ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድ ቀን መንገዱን ተሻግራ ስትጠጣ አላዩአትም። ምን ብታውቅ ነው?

ይህንን መንደሩን ለሚያስተዳድረው ሼኽ ነገሩ። ሼኹ ሐጃን ከመከራከር ወንዙን ወደ ኋላ መመለስ ይቀልለኛል የሚል ሰው ስለሆነ፣ ሐዋ ቲያ ምድጃዋን አንሥታ ከመንደሩ እንድትወጣ አዘዘ። ሐዋ አልተጨቃጨቀችም። ማንቆርቆሪያዋን በአንድ እጅ፣ ልጅዋን በሌላው ይዛ ወደ ጡብ ማቃጠያዎቹ ወጣች። ሐጃ ከደጃቸው ቆመው አዩአት፣ አንጀታቸውም ቅቤ ጠጣ።

በማግሥቱ ኢኽላስ የምትባል የጤና ሠራተኛ ከወረዳው ከተማ መጣች። ወጣት ናት፣ ትከሻዋ ላይ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥላለች። ቤት ለቤት ስትዞር ዋለችና በመጨረሻ ከኒሙ ሥር መጥታ የጋኑን ክዳን አነሣች።

"ሐጃ፣ ከዚህ ውኃ ትንሽ ልውሰድ።"

"ጠጪ፣ ይሁንልሽ። መውሰድ ግን ምን ይሉታል?"

"ላስመረምረው ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ደግሞ ጋኖቹ ቢከደኑ ጥሩ ነው።"

"እሱ እስከዚያ ምን ይጠጣ?"

ኢኽላስ እሱ ማን እንደሆነ አልገባትም፤ አንዲት ጎረቤት በጆሮዋ ነገረቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፣ አልተከራከረችም። ለዚህ ነው ሐጃ ያላባረሯት። ይልቁንስ አስቀምጠው የጠረጠሩትን ሁሉ ዘረዘሩላት፤ ሻይዋን፣ መጤነቷን፣ ጋኖቹን መሸሿን። ውኃዬ ከሆነማ እኔ ከማንም በላይ እጠጣለሁ፣ ይኸው አለሁ አሉ። ኢኽላስ በልጅነታቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሆኖ ነበር፤ እናታቸው በጨርቅ ጠቅልለው ጨለማ ክፍል እንዳስተኟቸው ትዝ አላቸው። ይህ በሽታ አንዴ የያዘውን ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይደፍርም አለቻቸው። ሐጃ መልሱ አልጣማቸውም።

"ሻይዋን የጠጡ ታመዋል አሉኝ" አለች ኢኽላስ። "የጠየቁት የታመሙትን ብቻ ነው?"

"ታዲያ ያልታመመን ሰው ስለ በሽታ ምን ብዬ ልጠይቅ?"

"ምን እንደጠጣ። ሻይዋን ጠጥተው ደህና የሆኑ ብዙ ካሉ ሻይዋ አይደለም። ሻይዋን ሳይጠጣ የታመመ አንድ ሰው ካለ ደግሞ፣ እሱን በደንብ ይጠይቁት።"

ቀጥላም በሽታው ዓይን ላይ እስኪወጣ ሆድ ውስጥ ሳምንታት ተደብቆ እንደሚከርም፣ ስለዚህ ሐዋ ከሄደች በኋላ ሰው መታመሙም አለመታመሙም ገና ምንም እንደማያረጋግጥ ነገረቻቸው። ሐጃ ልጅቷን አየት አደረጓት። ሰው የማታምን ሴት እንደሆነች ገባቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንግሥት የመጣ ሰው ደስ አላቸው። እኔ እጠይቃለሁ አሉ፤ ማስረጃውን አምጥቼ እጅሽ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጋኖቹን ግን አልከደኑም።

ከዚያ በኋላ ሐጃ መጎናጸፊያ ቶባቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው መንደሩን አዳረሱት። በሽተኛ መጠየቅ ግዴታ ነው፣ ማንም በር አይዘጋባቸውም። ለኢኽላስ ያልነገሯትን ለሐጃ ይነግሯቸዋል፤ ካልነገሯቸውም እስኪነግሯቸው አይነሡም። ከበሽተኞቹ ገሚሱ የሐዋን ሻይ ጠጥቷል፣ ገሚሱ አልጠጣም። ያልጠጡትን ሐጃ በየምክንያቱ አለፏቸው፤ አንዱ ይዋሻል፣ አንዷ ረስታለች፣ ሌላዋን ባሏ ጠጥቶ አጋብቶባት ነው። የጠጡትን ብቻ ሲይዙ ነገሩ ያምራል።

ጤነኞቹ ግን አስቸገሯቸው። ወደ ጡብ ማቃጠያዎቹ ወጥተው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አቁመው፣ ከዓይናቸው በታች ያለውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ወደ ታች እየሳቡ መረመሯቸው። ነጭ፣ ነጭ፣ እንደገና ነጭ። እነዚህ ሰዎች ከሐዋ ሻይ ጋር ነግቶ ከሐዋ ሻይ ጋር የሚመሽላቸው ናቸው። አንዱ ጡብ ተሸካሚ ዓይኑን እንዳስገለጡት ሳቀባቸው።

"ሐጃ፣ ዓይኔን እንዲህ አድርጌ ለሚስቴም አሳይቼ አላውቅ።"

"ሚስትህ ያላየችው ብዙ ነገር ይኖራል" አሉት። "ውኃ ሲጠማህ ከየት ነው የምትጠጣው?"

"ሐዋ ከሻዩ ጋር ከምትሰጠን ብርጭቆ። አፍልታ ያቀዘቀዘችው ነው፤ ያኔ ከመንገዱ ማዶ እያለችም የእርስዎ ጋን ድረስ ማን ይሻገራል።"

ሐዋ በሩቁ ከምድጃዋ አጠገብ ታያቸው ነበር። ሰላም አላሉአትም። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን አንድ ጥርጣሬ ተከተላቸው፣ ስም ሊሰጡት አልፈለጉም። እቤት ደርሰው በተለመደው ሰዓት ራዋቁን በጠበጡ።

በዚያው ሰሞን ሰልማ ታመመች። የሟች እህታቸው ልጅ ናት፣ የመጀመሪያዋን ፀንሳለች። ሐኪም ተኚ ካላት ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሐጃ ከሙዘሚል ወዲህ በዚህ ዓለም የሚሳሱላት ሰው እሷ ብቻ ናት። ዓይኗን ሲያዩት ክው አሉ። ወዲያው ግን ተጠርጣሪ ፈለጉ፣ ባሏን ያሲርን ማጀት ጠርተው አፋጠጡት። ከሐዋ ሻይ በፔርሙስ አምጥተህ አጠጥተሃታል፣ እመን አሉት።

"ሻይ?" አለ ያሲር። "አክስቴ፣ የሻይ ሽታ ገና ከበር ሲገባ ያስመልሳታል። እኔ ራሴ ውጭ ነው የምጠጣው፣ አፌን ታጥቤ ነው የምገባው።"

"ታዲያ ምን ትጠጣለች?"

ሰልማ ከአልጋዋ ሰማቻቸው። በደከመ ድምፅ፣ አክስቷን ለማስደሰት እንደሚናገር ሰው፣ መለሰች።

"ካንቺ ውኃ ሌላ ምን ይረጋልኛል፣ አክስቴ። ያ እርጥብ የጋን ሽታው ነው ያኖረኝ።"

እርጉዝ ሴት የረጠበ ሸክላ ሽታ ያምራታል፤ ሐጃም ይህን ስለሚያውቁ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየቀኑ ከጋኑ በትልቅ ጣሳ ቀድተው፣ በነጠላ ጨርቅ ሸፍነው፣ በገዛ እጃቸው ሲያመላልሱላት ኖረዋል። ሻይ አልጠጣችም። ከቤት አልወጣችም። መጤ አልነካትም። የገባባት ነገር ሁሉ በሐጃ በቱል እጅ የገባ ነው። ኢኽላስ በደንብ ይጠይቁት ያለችው ሰው እነሆ ተገኘ፣ ሐጃ ግን የሚጠይቁት አልቀራቸውም። ማጀቱ ወለል ላይ ቁጭ አሉ፤ ያሲር ውኃ ላምጣ ቢላቸው አይ፣ አታምጣ አሉት።

ያን ዕለት ያሲር መኪና ተከራይቶ ሰልማን ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰዳት። ሐጃ ወደ ደጃቸው ተመልሰው ከጋኖቹ ፊት ተቀመጡ። የሚያውቀው ሰው የለም። ያሲር አልገባውም፣ ሰልማ አክስቷን አትጠረጥርም። ዝም ቢሉ ሰዉ በሐዋ እንዳሳበበ ይኖራል፣ ጋኖቹም ይቆማሉ፣ ልጃቸውም ይጠጣል። ሐጃ ይህንን አሰቡ፤ እንዳሰቡም መካድ አይቻልም። ከንፈሩ የተሰነጠቀው ልጅ በዓይናቸው ላይ ነበር። የሰልማም ዓይን ነበር፣ ቢጫው።

የቀትር ሶላት አልቆ ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ፣ እንደ ልማዱ ሊጠጣ ወደ ኒሙ መጣ። ሐጃ ተነሥተው የመጀመሪያውን ጋን በሁለት እጃቸው ገፍተው ደፉት። ውኃው በአቧራው ላይ ሲፈስ ሰዉ ሐጃ አበዱ ብሎ ሊይዛቸው ሮጠ። ሁለተኛውን ደፉ። ሼኹ ምን ሆኑ ቢላቸው፣ በሽታው ከዚህ ነው አሉት፤ የጋኑ ጌታም እኔ ነኝ፣ እንግዲህ እኔንም አባረኝ። የመጨረሻውን ጋን ሲደፉ አለቀሱ፣ እንደ ልጅ ጮክ ብለው፣ ሰው እያያቸው።

ኢኽላስ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ጋኖቹን ተደፍተው አገኘቻቸው፤ ውጤቱም ሐጃ የደረሱበት ነበር። ወንዙ የጉድጓዶቹን እጣቢ ተሸክሞ ኻሊፋ የሚቀዳበት ዳርቻ ላይ አውርዶታል። ራዋቁ ጭቃውን ያወርዳል፣ በሽታውን አያወርድም አለቻቸው፤ ውኃ ጠርቶም ይገድላል። አልገሠጸቻቸውም። ሰልማ ተረፈች። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ተወለደ፣ አልቆየም። የልጁ ለቅሶ ሐጃ በምን ሞተ ብለው ሳይጠይቁ የተነሡበት የመጀመሪያው ለቅሶ ሆነ።

ከለቅሶው ሲነሡ ወደ ጡብ ማቃጠያዎቹ ሄዱ። ሐዋ ቲያ በርጩማ ሰጠቻቸው፣ ሻይ ግን አልቀዳችም፤ አይቀበሉኝም ብላ ይሆናል።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አሉ ሐጃ። "ያን ሁሉ ጊዜ ከፊቴ ተቀምጠሽ ከጋኖቼ ያልጠጣሽው ለምንድን ነው? ታውቂ ነበር?"

"ምን አውቄ ሐጃ። ባውቅ ዝም እላለሁ? ደግሞ ጠጥቻለሁ።"

"መቼ?"

"የመጣሁ ቀን። ልጄን አዝዬ ከመኪና እንደወረድኩ። ደስ ብሎኝ ለሟቹ ዱዓ አደረግኩ፤ ትንሽ ራቅ ብዬ ዞር ስል ኩባያውን በአመድ ይፈትጉታል።" ከሰሉን በመቆስቆሻዋ ነካካችው። "ከዚያ ወዲህ የራሴን ውኃ አፈላለሁ። አይቀየሙኝና፣ ያንን ካየሁ በኋላ የእርስዎ ውኃ በጉሮሮዬ የሚወርድ አልመሰለኝም።"

በፍቅር ያመላለሱት ውኃ ሰልማን ጥሏት፣ በንቀት የፈተጉት ኩባያ ይህችን ሴትና ልጇን አድኗቸዋል። ሐጃ አፈሩ፤ በዕድሜያቸው እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። ትንሿ ልጅ ከእናቷ ጀርባ ሆና ታያቸዋለች፣ ዓይኗ ነጭ ነው፤ ሐጃ አውራ ጣታቸውን ሳያነሡ ከሩቁ አዩት።

"ወደ ቦታሽ ተመለሺ" አሉ በመጨረሻ።

"ሼኹስ?"

"ሼኹን የነዳሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እመልሰዋለሁ።"

"ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣስ ሐጃ?"

"ያኔም እጠረጥርሻለሁ፣ ጠባዬ ነው" አሉ። "ግን ከራሴ ጀምሬ።"

ሐዋ ወደ ምድጃዋ ዞረች። ከሳምንት በኋላ ግን ማንቆርቆሪያዋ ከመንገዱ ማዶ ታየ። ጋኖቹም ተፍቀው፣ ደርቀው፣ እጅ እንዳይገባባቸው ከሥራቸው ትንሽ ቧንቧ ተገጥሞላቸው ተመልሰው ቆሙ። ውኃው አሁን ከታንከሩ ነው። ሐጃ ክሎሪኑን የሚጨምረውን ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ታንከሩ ድረስ ሄደው ይቆጣጠሩታል፤ ድሮ ለምን ጨመርክ ይሉት የነበሩት አሁን አጉድለሃል ይሉታል። ምስኪኑ ያኔ ይሻለኝ ነበር እያለ ያማርራል።

ጋኖቹ በተሞሉ ቀን ሐዋን ጠሯት። ሐዋ መንገዱን ተሻግራ መጣች፣ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። ሐጃ መጀመሪያ ራሳቸው ቀድተው ቀመሱ፤ ፊታቸውን አኮማተሩ። መድኃኒት መድኃኒት ይላል ሙዘሚል፣ ቻለው ልጄ አሉ። ቀጥለው አመድ ያለበትን ሣህን ሳቡ፣ ከሐዋ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ አስመጥተው ኩባያውን ከውስጥም ከውጭም ይፈትጉት ጀመር። ሐዋ ፊቷ ተለወጠ። እግሯ ወደ ኋላ ሲል አዩት።

"ዛሬ ደግሞ የማንን አፍ ነው የሚፈትጉት?" አለች።

"የኔን" አሉ ሐጃ በቱል፣ ኩባያውን ሞልተው በሁለት እጃቸው እያቀረቡላት።

ሐዋ ኩባያውን አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው። ከዚያ ጠጣች።